ስለ ተርሚናል ማስጀመሪያ ኮዶች ዝውውር የወጣ አዋጅ ቁጥር 0

(ቁጥሩ ዜሮ የሆነው ኮምፒውተር ከዜሮ ስለሚቆጥር ነው እንጂ መዝገብ ቤቱ ተሳስቶ አይደለም።)

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሚዛን አማን ያለህ፣ ቴፒ ያለህ፣ ሸኮ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ስልክህን ወደ ሰማይ ያነሳህ፣ በበቃ መንገድ ላይ ላፕቶፕህን በጃኬትህ ሸፍነህ ከዝናብ የምትሮጥ ሁሉ! ይህ አዋጅ በባጃጅ ጣሪያ ላይ በታሰረ ሞንታርቦ ይነበባል። ዝናብ ከመጣ ሞንታርቦው ላስቲክ ይለብሳል፤ አዋጁ አይቋረጥም።

መግቢያ

እኛ “ስታርትአፕ” የተባልነው የኢማክስ የመነሻ ፋይል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ አብረን የምንነሳ፣ ትእዛዝ የምንቀበል፣ በር የምንከፍት፤

ለእያንዳንዱ ስክሪንና ኪቦርድ የሚያስፈልገው ዝግጅት ገና በማለዳ፣ ለመጀመሪያው እንግዳ ብቻ ተብሎ፣ በእኛ ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንዲያልቅ ሲደረግ በመኖሩ፤

በዚህም ምክንያት በተርሚናል የተነሳ ኢማክስ እስኪዘጋ ድረስ ከተርሚናል ሳይወጣ፣ በመስኮት የተነሳውም ከመስኮት ሳይወርድ በመቅረቱ፤

የተለቀመ እሸት ቡና ማደር ስለሌለበት መፈልፈያው በማሳው አቅራቢያ እንጂ አዲስ አበባ እንደማይተከል ለቤንች ሸኮና ለሸካ ገበሬ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ይህንኑ ነገር ለመረዳት ፕሮግራመሩ ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀበት በመሆኑ፤

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቦንጋን፣ ሚዛን አማንን፣ ተርጫንና ቴፒን ዋና ከተሞቹ በማድረጉ፣ አንድ አካል አራት በር ሊኖረው እንደሚችል በተግባር የታየ በመሆኑ (ደብዳቤ ይዞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የተላከ ባለጉዳይ ስለ መንገዱ የሚለውን አዋጁ አልሰማም)፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “ማን እንደመጣ ሳታይ አትደግስ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ “ኢማክስ” ማለት ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1984 መጻፍ የጀመረው፣ ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ጽሑፍ ለማረም ተፈጥሮ ቀስ በቀስ ደብዳቤ መላክም፣ ቀን መቁጠርም፣ ጨዋታ ማጫወትም የተጨመረለት ፕሮግራም ነው። ሥራው በየጊዜው ሲጨመርበት መደቡ ግን ያልተሻሻለለት ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ ስላለ ይህ ትርጓሜ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

“ተርሚናል” ማለት ሰውየው የሚያየው ስክሪንና የሚነካው ኪቦርድ ነው፤ ድሮ ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ዕቃውን መስሎ የሚተውን ሶፍትዌር ነው። “ተርም” ማለት በኢማክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ ለየመሣሪያው የሚሠሩ ፋይሎች የሚኖሩበት ፎልደር ነው፤ ተዛዋሪዎቹ የሚመደቡት እዚያ ነው። የመኖሪያ ቤት ተዘጋጅቷል፣ ውሃም አለ።

በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ያጠቃልላል። ኮዱ ፆታ የለውም፤ ግን ይህ ድንጋጌ የሌለው አዋጅ አዋጅ ስለማይመስል ገብቷል።

አንቀጽ 3። ዝውውሩ ያስፈለገበት ምክንያት

ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ስትጫን “ወደ ላይ” የሚል መልእክት ለፕሮግራሙ የሚደርስ ከመሰለህ በዋህነትህ እናዝናለን። በተርሚናል ዓለም የሚደርሰው ተራ የፊደልና የምልክት ኮድ ነው፤ የትኛው ኮድ እንደሚላክም የወሰነው ፋብሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ለአንድ ቀስት ሦስት ምልክት በተከታታይ ይልካል። በ1980ዎቹ የተሸጠው ዋይዝ 50 ግን ቆጣቢ ነበርና አንድ ብቻ ላከ፦ ወደ ላይ ሲባል ኮንትሮል-ኬ፣ ወደ ታች ኮንትሮል-ጄ፣ ወደ ግራ ኮንትሮል-ኤች፣ ወደ ቀኝ ኮንትሮል-ኤል።

አሁን መከራውን ተመልከት። በኢማክስ ሕግ ኮንትሮል-ኬ መስመሩን ከጠቋሚው ጀምሮ ይቆርጣል። ኮንትሮል-ጄ አዲስ መስመር ይከፍታል። ኮንትሮል-ኤል ስክሪኑን ያስተካክላል። ኮንትሮል-ኤች ደግሞ የእርዳታ ጥሪ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የነገረው የሌለ ኢማክስ በዋይዝ 50 ፊት ሲቀመጥ፣ ጸሐፊው ወደ ላይ ልውጣ ባለ ቁጥር ጽሑፉ ይታጨዳል፤ ወደ ታች ሲል ገጹ ይረዝማል፤ ወደ ግራ ዞር ሲል “ምን ልርዳህ?” ይባላል። (አንዳንድ ቢሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስም አንጠራም።)

ለዚህ መድኃኒቱ ለየመሣሪያው አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ማኖር ነው። ኢማክስ የተርሚናሉን ስም ይጠይቃል፤ በስሙ የተሰየመ ፋይል ተርም ውስጥ ካለ ያነባል። “ኤክስተርም-256ከለር” የሚል ረጅም ስም ከመጣና በሙሉ ስሙ የተመዘገበ ከሌለ፣ ከመጨረሻው ጭረት በኋላ ያለውን ቆርጦ “ኤክስተርም” ብሎ ይፈልጋል። ባለጉዳዩ “የስም ልዩነት አለብህ” ተብሎ ማስረጃ አምጣ ስለማይባል ይህ አሠራር በሌሎች ተቋማትም ቢጠና መልካም ነው።

አንቀጽ 4። ስለ ዝውውሩ

1. ልብ በል፤ ፎልደሩ ድሮም ነበረ። መስኮት ላለው ኮምፒውተር “ኤክስ-ዊን” የተባለው ፋይል ከጥንት ጀምሮ ተርም ውስጥ ይኖር ነበር። ታዲያ ምኑ ተዛወረ? የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ ይህ ነው፦ ፋይሉ የሚኖረው እዚያ ነበር፣ የሚሠራው ግን በእኛ ደጃፍ ነበር። እኛ ስንነሳ እንጠራዋለን፤ ገና ሲነበብ ከስክሪኑ ጋር ግንኙነት ይከፍታል፣ ቁልፎቹን ይሰይማል፣ ቀለሙንና የፊደል ቅርጹን ያደራጃል። መነበብና መሥራት አንድ ነበር። “የመስኮቱ ዓይነት ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄም ለመላው ፕሮግራም የሚሠራ አንድ መልስ ብቻ ይመዘገብ ነበር።

2. ይህን ያፈረሰው ካሮይ ሎረንቴይ የተባለ ሃንጋሪያዊ ነው። አንድ ኢማክስ በአንድ ጊዜ ብዙ ተርሚናል እንዲያስተናግድ ለብቻው ሲሠራበት የቆየው ኮድ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ዋናው ምንጭ ኮድ ገባ፤ ለሕዝብ የደረሰው በሐምሌ 2009 ከወጣው የኢማክስ 23.1 እትም ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ የኤክስ-ዊን ፋይል ሲነበብ ሥራው ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ አይሠራም። ሥራውን የሚጀምረው አንድ ሰው በዚያ ስክሪን ላይ የመጀመሪያውን መስኮት ሲጠይቅ ነው። የኤክስተርምና የዘመዶቹም የማስጀመሪያ ተግባር እንዲሁ ነው፤ ተርሚናሉ ሲከፈት ይጠራል፣ ካልተከፈተ አርፎ ይቀመጣል። የቁልፎች ትርጉምም ለየተርሚናሉ ተለየ።

3. ስለዚህ የተዛወረው ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ነው። ከፕሮግራሙ ልደት ወደ እንግዳው መድረሻ ተዛወረ።

4. በውጤቱም አንዱ ቴፒ ላይ ኢማክስን በመስኮት ከፍቶ ሳለ፣ ጓደኛው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚዛን በኤስኤስኤች ይገባና ያንኑ ኢማክስ በተርሚናል ይከፍታል። አንድ ፋይል፣ አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት በር። የአንዱ ቀስት የሌላውን መስመር አይቆርጥም። ሁለቱ አንድ አንቀጽ ላይ ከተጣሉ ግን ጉዳዩ የሽማግሌ እንጂ የዚህ አዋጅ አይደለም።

5. የዝውውር አበል ስለ መክፈል፦ አይከፈልም። ምክንያቱም ኢማክስ ሲገነባ፣ ለዚያ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው የመስኮት ፋይል ቀድሞ ተነብቦ ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብሮ ይታተማል፤ በየማለዳው ከዲስክ ሲፈለግ ጊዜ እንዳይባክን ነው። እንግዲህ ኤክስ-ዊን በወረቀት ተርም ተመድቦ በአካል ዋናው መሥሪያ ቤት ይገኛል። የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያዎች ይህን ሰምተው ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ልዩነቱ የእኛው ሳይጠሩት የማይናገር መሆኑ ነው።

አንቀጽ 5። ስለማይዛወሩ

መሣሪያ የመሰለ ሁሉ መሣሪያ አይደለምና፣ በዝውውር ስም የቤቱን ሰው ማባረር ክልክል ነው። የስክሪኑ ስፋት፣ የቀለሙ ብዛት፣ የቁልፉ ኮድ ይሂድ። ጽሑፉ አይሄድም። ፊደላችንም አይሄድም።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ኢማክስ የግዕዝ ፊደልን ማወቅ የጀመረው ዩኒኮድ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ከመመዝገቡ በፊት ነው፤ ኮዱን የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ነበር። ፊደሉን በላቲን ቁልፍ የመጻፊያው ሥርዓት ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ካበጁት “ሴራ” ከተባለው አሠራር የተወሰደ ነው። (ስሙን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል።) ይህ ሁሉ የተቀመጠው በቋንቋና በግቤት ፎልደሮች ውስጥ ነው፤ ተርም ውስጥ አንድም የለም። ትክክልም ነው፤ ቪቲ100 “ሀ”ን ማሳየት አለመቻሉ የቪቲ100 ችግር እንጂ የ“ሀ” አይደለም። ፊደሉ በተርሚናሉ አቅም ተለክቶ ቢመደብ ኖሮ እስከ ዛሬ ተራ ይጠብቅ ነበር።

አንቀጽ 6። ስለ ጡረተኞች

ቪቲ100 የተባለው ዕቃ ከአገልግሎት ከወጣ ቆየ። ፋይሉ ግን ዛሬም ተርም ውስጥ አለ። ቪቲ200ም፣ ዋይዝ 50ም እንዲሁ። “ይሰረዙ” የሚል አቤቱታ ቀርቦልን መርምረናል፤ ውድቅ ነው። የዛሬዎቹ የተርሚናል ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሚናገሩት የቪቲ100ን ቋንቋ ነው፤ ሽማግሌው ቢሞት ልጆቹ በአነጋገሩ ይኖራሉ። ለዋይዝ 50 ግን ይህን ያህል መከራከሪያ አላገኘንለትም። ዝም ብሎ ይኑር፣ ቦታ አይፈጅም።

አንቀጽ 7። ስለ አዲስ ገቢዎች

ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ30.1 እትም ጋር፣ “አንድሮይድ-ዊን” የተባለ አዲስ ፋይል ተርም ገብቷል። ላፕቶፕ የሌለው የቴፒ ተማሪ ስልኩ ላይ ኢማክስን ሊከፍት ይችላል ማለት ነው። ነባሮቹ ፋይሎች “በጣት የሚነካ ኪቦርድ ደግሞ ምንድን ነው?” ብለው አዲሱን ፋይል እንዳያሳቅቁት። ዝውውሩ አስቀድሞ ስለተፈጸመ፣ አዲሱም እንደ ነባሮቹ ተነብቦ ይቀመጣል፤ ሥራውን የሚጀምረው እንግዳው ሲደርስ ነው።

አንቀጽ 8። የዜጎች ግዴታ

ዋናው ቤት ተስተካከለ ብለህ አትኩራራ፤ ያንተው ቤት አለ። በግል የመነሻ ፋይልህ ውስጥ “መስኮት ካለ ፊደሉን አተልቅ፣ ከሌለ ቀለሙን ቀንስ” ብለህ ጽፈሃል። ኢማክስን ከጀርባ በሚሠራ አገልጋይነት ስታስነሳው ያ ፋይል የሚነበበው ምንም መስኮት ሳይከፈት ነው። “መስኮት አለ?” ተብሎ ይጠየቃል፤ የለም። ፊደሉ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ አንተም ማታ መስኮት ከፍተህ ዓይንህን እያሸህ ኢማክስን ትራገማለህ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 27ኛው እትም የአገልጋዩ ደንበኛ መስኮት ከከፈተ በኋላ የሚጠራ መንጠቆ አበጅቶልሃል፤ የመሣሪያ ነገር ያለበትን መስመር ሁሉ እዚያ አንጠልጥል። በዚያው እትም የመጣው “ኧርሊ-ኢኒት” ግን መስኮቱ ከመምጣቱም በፊት የሚነበብ ነው፤ እዚያ ገብቶ ስክሪኑን “ማን ነህ?” ብሎ የሚጠይቅ በባዶ ክፍል ውስጥ ይናገራል።

አንቀጽ 9። የተሻሩና ተፈጻሚነት የሌላቸው

“እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል” የሚል ማንኛውም መግለጫ፣ ልማድ ወይም መሐላ፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ በተደነገጉ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 10። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ተርሚናሉ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ተርሚናል ካልተከፈተ ተነብቦ ይቀመጣል።

ግልባጭ፦
ለኤክስ-ዊን፣ ለደብልዩ32-ዊን፣ ለኤንኤስ-ዊን፤ ለአፈጻጸም
ለአንድሮይድ-ዊን፤ በስልክ
ለዋይዝ 50፤ ለመረጃ ያህል (ሲያነብ ወደ ላይ እንዳይመለስ)
ለመዝገብ ቤት፤ በሦስት ኮፒ፣ ሦስቱም በወረቀት