ፉል ነው ተብለን

ኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀየርለት፣ ካንዴላ አይገዛለት፣ ፊልትሮ አይጠረግለት፤ ጋራዥ አያውቅም ተብለን ነው የገዛነው። እውነት ነው፣ አያውቅም። ጋራዡም እሱን አያውቀውም። የኛይቱ ተበላሽታ ጋራዥ በገባች በአምስተኛው ቀን ሄደን ስንጠይቅ «ጋሼ፣ ዕቃው ገና ቻይና፣ ጓንዡ ነው» ተባልን። በአስረኛውም ቀን ጓንዡ ነበር። ዕቃው ምን ያህላል ብንለው ልጁ የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳየን። ጥፍር የምታህል ሴንሰር ሁለት ቶን የሚጠጋ ብረት ግቢው ውስጥ አስቀምጣ አቧራ ታስጠጣዋለች። በቤንዚኑ ጊዜ ቢሆን አንዱ መካኒክ ከአሮጌ ኮሮላ ፈቶ፣ በሽቦ አስሮ፣ «እስከ ፋሲካ ታደርስዎታለች» ብሎ ይሸኘን ነበር። ይችን በሽቦ ማሰር አይቻልም።

ባለጋራዡ ጨዋ ሰው ነው። ይሉኝታ ያዘውና የራሱን ቁልፍ አውጥቶ «ዕቃው እስኪመጣ በዚች ይንቀሳቀሱ» አለን። ወጥተን ስናያት ያችው የኛዋ ናት። ያው ስም፣ ያው ቅርጽ፣ ያው ነጭ ቀለም። «የርስዎ ፉል ኦፕሽን ናት፣ የኔ ስታንዳርድ ናት፤ ትንሽ ትጎረብጥዎት ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀን። እኛም ንቀት ቢጤ እየተሰማን ተቀበልን። አስራ ሰባት ቀን ነዳናት። እሮሯችን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አልጎረበጠችንማ!

መጀመሪያ ይሄ ፉል የሚሉት ነገር ይነገረን። ቁርስ ቤት ገብተን «ስፔሻል ፉል» ስንል የምንከፍልበትን እናውቃለን። እንቁላል አለው፣ እርጎ አለው፣ አቮካዶ አለው፣ ቃሪያው ከላይ ተከትፎበታል። እንቁላሉ ቢቀር አስተናጋጁን እንጠራለን። መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ግን ደላላው ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ፉል ነው!» ካለ በቃ፣ ነገሩ አልቋል። በምን ፉል? ለማን ፉል? ባትሪው ነው ፉል? ዓመቱ ነው ፉል? ከኋላ የተጻፈውን እንዳናነብ ቻይንኛ ነው። እሱም አያነበውም። ያስመጣውም ሰው አያነበውም። ሦስታችን ቆመን የማናነበውን ነገር በሚሊዮን ተከራከርንበት።

ያስተረጎምን ዕለት ደግሞ ባሰብን። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሿን መኪና እንያት፤ ከተማውን ሞልታዋለች። ቻይና ውስጥ ስትወጣ ሦስት ደረጃ ነበራት። ስማቸው ወደኛ ሲመለስ «ሕያው»፣ «ነጻነት» እና «በራሪ» ማለት ነው። ሕያውና ነጻነት ባትሪያቸው አንድ ነው፣ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በወረቀት 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። 38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይዛ 405 የምትሄደው በራሪዋ ብቻ ናት። እንግዲህ «ነጻነት» ከ«ሕያው» ይበልጣል ብሎ የጨመረ ሰው አንዲት ኪሎ ሜትር አላገኘም ማለት ነው። ሶንግ ፕላስ የምትባለው ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. «ሻምፒዮን» ሆና ወጣች። በሻምፒዮኗ ውስጥ የድሎት አለ፣ የክቡራን አለ፣ የባንዲራ አለ። አንዷ 71.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይዛ 520 ኪሎ ሜትር፣ አንዷ 87 ይዛ 605 ትላለች። ከውጭ ብታያቸው መንታ ናቸው። ዓመት ሳይሞላ በ2024 መጀመሪያ አምራቹ «የክብር» የሚል አዲስ እትም አወጣና ዋጋውን ቀነሰ። ሻምፒዮን የገዛው ሰው ገና የባንክ ብድሩን አንደኛ ዓመት አልጨረሰም።

የፎልክስዋገኗ አይዲ 4 አለች፣ ዘመዶቻችን ሁሉ የገዟት። እዚያው ቻይና ውስጥ ሁለት ኩባንያ ይሠራታል፤ የአንዱ «ክሮዝ»፣ የሌላው «ኤክስ» ይባላል። ፓራውልቷ የተጋጨ ሰው «የአይዲ 4 ፓራውልት» ብሎ ገዝቶ ሲመለስ አይገጥምም፤ የሌላኛዋ ነዋ! የባትሪዋም እንዲሁ ነው፤ አነስተኛዋ 57፣ ትልቋ ከ83 በላይ ኪሎ ዋት ሰዓት ትይዛለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ትንሽ መኪና ያስነዳል። ደላላው ለሁለቱም የሚለው አንድ ቃል ነው።

ወደ ውሰታችን እንመለስ። የኛ ፉል ትልቅ ቸርኬ አላት፤ የሚያብለጨልጭ፣ ሰርግ የሚያደምቅ። ቸርኬው ሲተልቅ ጎማው ይሳሳል። ከቤታችን እስከ አስፋልት ስድስት መቶ ሜትር ኮብልስቶን አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ወጥተን ገብተንበታል። በውሰቷ መጀመሪያ ቀን ስንወጣ ወረዳው መንገዱን የሠራልን መስሎን መስኮት አውርደን ወደ ታች አየን። ድንጋዩ ያው ነው። የስታንዳርዷ ቸርኬ ትንሽ ነው፣ ጎማው ወፍራም ነው፣ ይኸው ነው ምሥጢሩ። የኛ ቸርኬ ሁለቴ ተጣሞ ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀብን። ትርፍ ጎማ እንኳ የለም፤ በሱ ፈንታ ይችን የምታክል የማትረባ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ሰጥተውናል። በዚህ በኩል ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ውሸት አንናገርም።

ጣሪያችን ደግሞ መስታወት ነው። ሙሉ ለሙሉ መስታወት። ደላላው «ሰማይ ያሳያል» ብሎናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰማዩ ሳናየውም ያየናል። በጥቅምት ፀሐይ መገናኛ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመን አናታችን ሲግል ቆየና፣ መስታወቱን የሚሸፍን ጨርቅ ገዛን። ለመስታወቱ ከፍለን፣ እንዳናየው ደግሞ ከፈልን። የውሰቷ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ ደህና ነገር እናወራለን ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ንፋሱ፣ ሙቀቱ፣ ቅዝቃዜው የኛይቱ ላይ ያለው ስክሪን ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ቋንቋ እንቀይራለን የሚሉ ልጆች ላፕቶፕ ይዘው መጥተው ግማሹን እንግሊዝኛ አደረጉት። ግማሹ እምቢ አለ። በክረምት ዝናብ የፊት መስታወቱ ጭጋግ ሲይዘው ሦስት ገጽ አልፈን፣ ሁለት የማናውቀው ሥዕል ነክተን፣ አንዴ ወንበሩን አሙቀን፣ አንዴ የኋላ ሻንጣውን ከፍተን ነው መንገዱን የምናየው። ስታንዳርዷ የሚዞር ነገር አላት። ክብ ነገር። ታዞረዋለህ፣ ንፋስ ይመጣል።

ሴትዮዋስ? የኛዋ ውስጥ ሴትዮ አለች። ስንፈጥን ትናገራለች፣ ቀስ ስንል ትናገራለች፣ ስናዛጋ በካሜራ አይታ ትናገራለች። የምትለውን አናውቅም። ሦስት ዓመት ስትሰድበን ኖራ እንደሆነስ? ትንሿ ልጃችን አነጋገሯን ይዛው ምሳ አልበላም ስትል በሷ ድምፅ ነው። መስመር ጠባቂ የሚሉት ደግሞ አለ፤ የመንገዱ ቀለም በተፋቀበት፣ አህያው ከግራ፣ ጋሪው ከቀኝ፣ ሰዉ ከመሀል በሚሄድበት ጎዳና ላይ መሪውን ከእጃችን ይጎትታል። እሱ የሚፈልገውን መስመር እኛ አይተነው አናውቅም። ካርታው ቤጂንግን እስከ ጓሮዋ ያውቃል፤ እኛን ባዶ ሜዳ ላይ የቆመች ቀስት አድርጎ ያሳየናል። ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ይላል። ስንደምረው ለፉልነቱ ከጨመርነው ገንዘብ እኩሌታው ቻይና የቀረ ነው። እኛ ጋ የመጣው ሴትዮዋና ጣሪያው ናቸው።

የኪሎ ሜትሩ ነገርማ አይነሳ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በቻይና መለኪያ የተለካ ነው፤ የዚያ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቦሌ መንገድ ልክ ነው፣ ለፈጣን መንገዱ ግን አይደለም። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስንወርድ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተሞላች ትወርዳለች፣ እኛም ቁጥሩን እያየን ፈገግ እንላለን። ስንመለስ ያ ፈገግታ ዱከም ላይ ይጠፋል፤ ንፋስ ማቀዝቀዣ ይጠፋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ ወሬ ይጠፋል። በስታንዳርዷ ሄደን ተመለስን፤ ባትሪዋ ከኛ ያንሳል፣ የተረፋት ግን እኛ ከሚተርፈን ብዙም አላነሰም። ቸርኬው ነው፣ ክብደቱ ነው፣ ማን ያውቃል ጣሪያውም ይሆናል።

የኛ ባትሪ ትልቅ ነው። ሞልቶ ግን አይተነው አናውቅም። ከተራ ሶኬት 2.2 ኪሎ ዋት ነው የሚገባ፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመሙላት 27 ሰዓት። ያውም መብራት ካልጠፋ፣ ካርዱ ካላለቀ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ወዳጃችን እንደሚያደርገው በመስኮት የተለቀቀውን ገመድ የሕንፃው ልጆች ዝላይ ካልዘለሉበት።

የመብራት ነገር ከተነሳ ያንን ማታ እናንሳው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ድርግም አለ። ፍሪጅ ውስጥ ለሐሙስ ማኅበር የተገዛ ሥጋ አለ። ለባለጋራዡ ስለ ዕቃው ስንደውል ጭንቀታችንን ሰማና «ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ጥቁር ገመድ አለ፣ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ይሰኩት፣ መብራት ይሰጥዎታል» አለን። ሰካነው፤ ሰጠን። ፍሪጁ አጉረመረመ፣ አምፖሉ በራ፣ የጎረቤት ስልክ ሁሉ መጥቶ ተደረደረ። እትዬ ከታች ቤት የቦካ ሊጥ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ምጣዱንስ ይችለው ይሆን?» ብለው። ገመዱ የሚችለው 3.3 ኪሎ ዋት ነው፤ ምጣዳቸው ከዚያ ይበልጣል። ብንነግራቸውም «እስቲ ይሞከር» አሉ። ምጣዱ ሲግል ቆየ፣ ሊጡ ተዞረ፣ ዓይን ማውጣት ጀመረ፣ ልክ አክንባሎው ሲከደን መኪናዋ እንቢ አለች። ግማሹ እንጀራ፣ ግማሹ ሊጥ። እትዬ መኪናዋን ክፉኛ ገላመጧት፤ እኛ ግን በልባችን አጨበጨብንላት።

በነጋታው ሮጠን ጋራዥ ሄደን የኛ ሻንጣ ውስጥ ገመዱን ፈለግን። የለም። «የርስዎ ይሄ ነገር የላትም» አለ ልጁ። እንዴት? ፉል አይደለችም እንዴ? «ፉል ናት ጋሼ። ግን የ2022 ፉል ናት። ያቺ የ2023 ስታንዳርድ ናት።» እንዲህ ነው ለካ ነገሩ፤ የዘንድሮው ተራ የአምናውን ባላባት ይበልጠዋል። ይሄን ሲገዙ ማን ነግሮን? ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና አይገባም ተባለ፣ እሺ፣ እኛም ቀድመን ገዝተን ጎበዞች ነን ብለን ነበር። እኛ የምንለው፣ መኪናው ሲገባ ሦስት መስመር አማርኛ አብራው ብትገባ ምን ነበረበት? ባትሪው ይሄን ያህል፣ ዓመቱ ይሄ፣ ገመዱ አለ ወይም የለም። ከውጭ የሚመጣ ብስኩት እንኳ ውስጡ ያለው ጀርባው ላይ ይጻፍበታል።

ሴንሰሯ በሃያ ሰባተኛው ቀን መጣች። ቁልፍ ተለዋወጥን። ባለጋራዡ «እፎይ አሉ አይደል፣ ወደ ፉልዎ ተመለሱ» አለን። ገብተን በሩን ስንዘጋ ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ናፍቃን ይሁን ኮርፋ አላወቅንም። ከጋራዡ ወጥተን ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ወሰንን።

እናም መኪናችን ለሽያጭ ቀርባለች። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሴንሰሯ አዲስ፣ የጣሪያ ጨርቅ ያላት። ማስታወቂያው ላይ ምን እንጻፍ ብለን ደላላውን ጠየቅነው። ሳያያት መለሰልን፤ «ፉል ኦፕሽን»።