ከጅብራ በላይ ሰማይ ነው

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ቀጥሉ። ያላላችሁም ግድ የለም፤ የላም በረቱም ዛሬ ዛሬ ታርሶ ተዘርቶበታል።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ድጓ ጽዮን ከሚሻገረው መንገድ ራቅ ብሎ፣ በጮቄ ተራራ ትከሻ ላይ አንዲት ጅብራ ትኖር ነበር። ጅብራን አይቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ በዙሪያዋ የተመዘዘ፣ ሌሊት ውርጭ ጠዋት ፀሐይ የማይበግራት የብርድ አገር ባለርስት ናት። በዕድሜዋ የምታብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚያች አንዲት አበባ ብዙ ዓመት ስትቆጥብ ትከርማለች፤ ቀኗ ሲደርስ አበባዋን ከሰው ቁመት በላይ እንደ ምሰሶ ታቆማለች፤ ዘሯን በትና ትሞታለች። ሳታብብ የተቆረጠች ጅብራ መካን ሆና ሞተች ማለት ነው።

በግንቦት አንድ ማለዳ ይህች ጅብራ ስትነቃ ማረሻ እግሯ ሥር ደርሷል። ከግንዷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ጥቁር አፈር ተገልብጦ በጠዋቱ ብርድ እንፋሎት ያወጣል። በትልሙ ውስጥ የተበጠሰ የጓሳ ሣር ሥር እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጨፍርሮ ተጋድሟል።

«ኧረ የዳኛ ያለህ! አያ ገብስ ድንበሬን ገፋኝ!» አለች።

በእኛ አገር «ድንበሬን ገፋኝ» ሲባል ሰምቶ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም። ተራራው ሁሉ ተከትሏት ወረደ። ጅብራ እንዴት በእግሯ ሄደች አትበሉኝ፤ ተረት ነው።

ዳኛው አባ ጥድ ነበሩ። የሚያስችሉት በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ከግቢው ወጥተው አያውቁም። ፈሪ ናቸው እያሉ የሚያሟቸው ነበሩ። ቢፈሩስ? ከቅጥሩ ውጭ የነበሩ ወንድሞቻቸው ወይ የቤት ቋሚ ሆነዋል፣ ወይ ከሰል። በጎጃም ደጋ አገር በቀል ደን ማየት የሚሻ ሰው ዛሬ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዳኛው ጎን ጥቁርና ነጩን ለብሶ ጉሬዛ በጸሐፊነት ተቀምጧል። ቆቅ ችሎት ታስከብራለች።

«አባቴ፣» አለች ጅብራ፣ «እኔና ጓሳ፣ እኔና አስታ ከዚህ ተራራ ጋር አብረን ነው ያረጀነው። ሰማይ ያፈሰሰውን ተቀብለን፣ በሥራችን አጥልለን፣ በበጋ ቀስ እያልን የምንለቀው እኛ ነን። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጀደብ፣ ብር፣ ተምጫ ከዚሁ ከጉያችን ነው የሚነሡት። አያ ገብስ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም እያለ ይኸው ዘንድሮ ከእግሬ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ጮቄ ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተባለ ሲሉኝ ዳንሁ ብዬ ነበር። እንግዶች መጡ፤ ፎቶዬን አነሡ፤ ሄዱ። ማረሻው ግን አልሄደም።»

አያ ገብስ ዛላውን አራግፎ ተነሣ። «ማር ይግባ!» አለ።

በድሮ ሙግት እንዲህ ነበር፤ ተሟጋች በቃሉ ለመተማመኑ ማር ወይም ፈረስ ያስይዛል፣ የተረታ ይከፍላል። ይህን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር ንብ እየጮኸች ወጣች።

«ማሩን ማንን አስፈቅዳችሁ ነው የምታስይዙት? እኔ ከአያ ገብስ ጎረቤቶች፣ ከባቄላውና ከግብጦው እቀስማለሁ። ከእመት ጅብራ ጎረቤት ከአስታውም እቀስማለሁ። ከሁለት አንዳችሁ አሸንፋችሁ ሌላውን ካጠፋችሁ የውርርዱ ማር ከየት ሊመጣ ነው?»

ጉሬዛ ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያለ ዳኛውን ቢያይ፣ አባ ጥድ «ጻፍ» አሉት።

«እሺ፣» አለ ገብስ፣ «ማሩ ይቅር። ግን አባቴ፣ እኔ ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቼ ውርጭ ጆሮዬን ሲቆርጠኝ የማድረው ወድጄ ይመስልዎታል? የአባቶቼ ቦታ ታች ነበር። ተገፍቼ ነው። የገፋኝ ስንዴ ነው።»

ስንዴ ተጠራ። «አልክድም፣ ገፍቻለሁ፤» አለ። «እኔን ደግሞ ባሕር ዛፍ ገፋኝ።»

ባሕር ዛፍ ከሁሉ በላይ ረዝሞ ከኋላ ቆሟል። «እኔ እንግዳ ነኝ፤» አለ። «በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣሁ፤ ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብዬ። በራሴ እግር የገባሁበት ማሳ የለም፤ እየተከሉኝ ነው። ማዳበሪያ አልጠይቅም። ከብት አይበላኝም። አፈሩ ቢኮመጥጥም እበቅላለሁ። ልጅ ለትምህርት ሲሄድ፣ ሰው ሲታመም፣ ቆርጠው ይሸጡኛል። ስንዴ ይህን ያደርግላቸዋል?»

ስንዴ ዝም አለ። አሲድ የበዛበት አፈር ኖራ ካላገኘ የዘሩበትን ያህል እንኳ እንደማይመልስ ከማንም ይልቅ እሱ ያውቃል።

«ታዲያ አንተን የተከለህ ማን አስቸግሮት ነው?» አሉ አባ ጥድ።

«ማረሻ ይጠየቅ፤» አለ ባሕር ዛፍ።

ማረሻ፣ «እኔ ወደ መሩኝ እሄዳለሁ፤ የለካው ገመድ ነው፤» አለ።

ገመድ ተጠቅልሎ ገባ። የተፈተለው ከጓሳ ነበርና ጓሳ ከሸንጎው መሐል፣ «አንተ የኔ ልጅ አይደለህም እንዴ!» ብላ ጮኸች። ገመድ አንገቱን አቀረቀረ።

«እናቴ፣ ነኝ። ግን የምሠራው ለሌላ ነው። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲባል ለካሁ። በ1989 ሽግሽግ ሲባል እንደገና ለካሁ። ከዚያ ወዲህ አዋጅ ሳይኖርም እየለካሁ ነው፤ አባት ለልጅ ሲያካፍል፣ ልጁ ደግሞ ለልጆቹ ሲያካፍል። መሬቱ ያው ነው፣ የምቆረጠው እኔ ነኝ። ዛሬ አንዳንዱ ቤት ጠርተውኝ ስሄድ ጥቅልሌ ሳይፈታ ሥራው ያልቃል። ያልደረሰው ልጅ ወዴት ይሂድ? ወደ ታች ሰው አለ። ወደ ላይ ጓሳ አለ።»

ሸንጎው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ገብስ በስንዴ፣ ስንዴ በባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ በሰው፣ ሰው በገመድ እየተገፋ ተራራውን ወጥቷል። የመጨረሻዋ ጅብራ ናት።

«እኔስ ማንን ልግፋ?» አለች። «ከኔ በላይ ሰማይ ነው።»

ይህን ተረት ስነግራቸው ልጆች እዚህ ላይ «ጅቡ የታለ?» ይሉኛል። ተረት ያለ አያ ጅቦ አይጥማቸውም፤ አንድ በላተኛ ተገኝቶ ገደል ካልገባ ያለቀ አይመስላቸውም። አዋቂዎቹም ከእነሱ አይሻሉም። ከተማ ተቀምጠው «ገበሬው ተራራውን ጨረሰው» የሚሉት ጅብ ፍለጋ ነው። ማሳው ዳር ቆመው «ከሰው ልጅ ሣር ይበልጣል ወይ?» የሚሉትም እንደዚያው። እኔ በዚህ ችሎት ጅብ ፈልጌ አጣሁ።

ምስክሮች ቀጠሉ። አይጥ ምላች። ለመሐላ የሮጠ ሰው ያጠራጥራል፣ እሷ ግን አላበለችም። «ለኔ ሁለቱም ደግ ናቸው፤» አለች። «ጓሳው ውስጥ እወልዳለሁ፣ ገብሱ ውስጥ እበላለሁ። ድሮ ግን ቀን ለቀን እንዲህ አልዝናናም ነበር።»

«ለምን?»

«ቀይ ቀበሮ ነበረ።»

ቆቅ ከደጃፉ ወጥታ ተጣራች። «ቀይ ቀበሮ! ቀይ ቀበሮ! ቀይ ቀበሮ!» የመለሰላት የገደሉ ማሚቶ ነው። ቀይ ቀበሮ ጮቄ ላይ ይኖር ነበር፤ ከጠፋ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የሌለው ይህ አውሬ፣ ዛሬ በመላ አገሪቱ ለአካለ መጠን የደረሰው ተቆጥሮ 500 አይሞላም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ የቀረው በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ተራሮች ተበታትኖ ይኖራል። ጓሳው ሲታረስ አዳኙ መጀመሪያ ሄደ፤ ታዳኟ አይጥ ቀረች፣ ገብሱ ውስጥ። ቀበሮው አንዳንዴ ግልገል ይነጥቅ እንደነበር በግ ከመሐል አስታወሰች፤ እውነቷን ነው። ውሻ ደግሞ ከሰው ኋላ ሆኖ ዓይኑን ሰበረ። ቀበሮን ከሚፈጁት አንዱ ከውሻ የሚሻገር የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ያኔ ቁራ ዓባይን ተሻግሮ ደረሰ፣ ከመንዝ።

«እዚያ ሌላ ነው፤» አለ ገና ክንፉን ሳያጥፍ። «የመንዝ ሰው ጓሳውን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ይዞት ነበር። ቄሮ ይሉታል። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይከርማል። ጊዜው ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይገባል፣ ዝናብ ሳይመጣ ይዘጋል። ቀድሞ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ተደራጅተው መልሰው ያዙት። ጭላዳውም አለ፤ የጠራችሁት ቀበሮም አለ።»

ጅብራ ፊቷ ፈካ። ገብስ ግን ሳቀ።

«ቁራ ወንድሜ፣ የመንዝ ሰው ጓሳውን የጠበቀው ለፎቶ ነው? ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ገሳ ሰፍቶ ዝናብ ይከለልበታል። ጓሳ ለሱ ማሳው ነው። እዚህ ዞር ብለህ ጣሪያውን እይ።»

ቁራ ዞረ። ከአባ ጥድ ቅጥር ጀምሮ እስከ ታች መንደሩ ድረስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋው ላስቲክና ጃንጥላ ነው። ጓሳ አንገቷን ደፋች። ያረሳት ማረሻ ብቻ አልነበረም፤ ቆርቆሮ የተባለ ባላጋራዋ ከሱ ቀድሞ ሥራ አስፈትቷት ነበር። እኔ ከዚህ ሙግት ሁሉ ይህን አልረሳም። አንድ ነገር ለደጃፉ ሰው ጥቅም መስጠት ሲያቆም፣ ጥበቃውን ለሩቅ ሰው ውዴታ ትተነዋል ማለት ነው።

የመጨረሻው ምስክር ጨሞጋ ነበር። «ቁም» ቢሉት አልቆመም። «እየሄድሁ ስሙኝ፤» አለ። «በሚያዝያ ልጆች ይሻገሩኛል፤ ቁርጭምጭሚታቸውን አላልፍም። በሐምሌ በሬ እወስዳለሁ። ቀለሜን እዩ።» ከራሱ በብርጭቆ ቀድቶ ዳኛው ፊት አስቀመጠ። እንደ ሻይ በወተት ነው። ሸንጎው ዝም ብሎ ይመለከት ጀመር። ቀስ በቀስ ላዩ ጠራ፤ ከብርጭቆው ሥር ጥቁር፣ ለምለም አፈር አንድ ጣት ያህል ተኛ።

ገብስ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «የኔ ነው፤» አለ ቀስ ብሎ። «ዐውቀዋለሁ። አምና የተዘራሁበት ነው።»

«ይህን ለዓባይ አስረክባለሁ፤» አለ ጨሞጋ። «ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ግድብ። ውሃው ብርሃን ይሆናል። አፈሩ እዚያው ይተኛል። ታች ያሉት ብርሃኑን ሲያበሩም ውሃውን ሲጠጡም፣ ላይ ጓሳውን ሳያርስ ጦሙን ያደረ ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ የለም።»

አባ ጥድ ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። የድንበር ችካል ይተከል፤ ገብስ ከዚያ አይለፍ። ባሕር ዛፍ እህል ከሚያበቅል መሬት ወጥቶ ወደ ቦረቦሩና ወደ ገደሉ ይሂድ። ኖራ ለስንዴ በወቅቱ ይድረሰው፣ ገብስን መግፋት እንዲያቆም። ጓሳ በተራና በአዋጅ ይታጨድ፤ የሚያጭደውም የደጃፉ ሰው ይሁን። ከጨሞጋ የሚጠጣና ከግድቡ የሚያበራ ሁሉ፣ ጓሳውን ላላረሰው ሰው በየዓመቱ ድርሻውን ያምጣ።

«ሳይከፍሉት አትረስ የተባለ ገበሬ፣» አሉ፣ «ተቀጣ እንጂ ጠባቂ ሆነ አይባልም።»

ጅብራ እጅ ነሣች። ገብስም ነሣ። መልካም ፍርድ ነበር።

«ማን ያስፈጽመዋል?» አለች አይጥ።

አባ ጥድ ወደ ቅጥሩ በር አዩ። በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ማዶ የቆመ ወንድም የላቸውም። «ታች ያሉት ተጠርተው ይቅረቡ፤» አሉ በመጨረሻ። «ቀጠሮ ለጥቅምት።»

ጉሬዛ ጻፈ። የትኛው ዓመት ጥቅምት እንደሆነ ግን መዝገቡ አይናገርም። መጥሪያው የደረሰው እስከ ዛሬ አልቀረበም። ችካሉም እንደ ችካል ነው፤ አንዳንድ ሌሊት ይንቀሳቀሳል።

ጅብራ በዚያው ዓመት አበበች። ዘሯ ከፊሉ ጓሳው ላይ፣ ከፊሉ ትልሙ ላይ ወደቀ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦው የገብስ ከሆነ ግን፣ ከችካሉ በላይ የታጨደ ይሁን በታች፣ አስቀድማችሁ ጠይቁልኝ።