ሰባት ቤት ቆጠራ በላስ ቬጋስ፦ በፈረስና በውሻ የዘር ሐረግ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ ናሙና አንድ ቤተሰብ ነው። የተመረጠውም በዕጣ ሳይሆን ራት ስለጋበዘኝ ነው። አባወራው የእንጅባራ ልጅ፣ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ክላርክ ካውንቲ በ2023 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ይኖራል። ከሥራ መልስ ጀርመን ሼፐርድ ውሾች ያራባል፣ ለውድድርም ያቀርባል።

ፈረስ የለውም። አባቱ ግን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር አባል ነበሩ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ጥር 23 የሚከበረው። (ይህ «ሰባት ቤት» ወደ ኋላ ከምንደርስበት የተለየ ነው፤ አንባቢ እንዳይምታታበት።) ልጁ ፈረስ ሲያምረው ሳውዝ ፖይንት ሆቴል ይሄዳል፤ እዚያ አየሩ የሚቀዘቅዝ 1,200 ጋጣ አለ። በሐምሌ ሐሩር ፈረሱ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ሾፌሩ ውጭ ተራ ይጠብቃል።

በአገራችን ጌታ የሚጠራው በፈረሱ ነበር፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። አሜሪካ ነገሩን ገልብጣዋለች። የኳርተር ሆርስ ማህበር ለአንድ ፈረስ ስም ክፍተቱን ጨምሮ 20 ፊደል ይፈቅዳል፤ የውሻው መዝገብ እስከ 50 ይሄዳል፣ አርቢውም የቤቱን ስም ከፊት ይቀጥልበታል። በናሙናችን ቤት አባወራው በአባቱ፣ ባለቤቱ በአባቷ፣ ልጆቹ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ሦስት የቤተሰብ ስም አለ። ውሾቹ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ለማያውቅ ፖስተኛ ቤተሰብ የሚመስሉት እነሱ ናቸው።

ዘንድሮ የአባወራው እናት ከአገር ቤት መጡ። ውሻ ሳሎን መግባቱን በትዕግሥት አለፉት። ሻምፒዮኑን ውሻ እያዩ «ይሄስ የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ልጃቸው ወረቀቱን አውጥቶ አራት ትውልድ ወረደላቸው። ወዲያው ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ፦ «አንተስ የኔ ልጅ፣ የአያትህ አባት ማን ይባላል?» ልጁ ስልኩን አወጣ።

ቅዳሜ ከሄንደርሰን አንድ አርቢ ለማስጠቃት ሴት ውሻውን ይዞ መጣ። እማማ ወረቀቶቹን እንዲያነቡላቸው አዘዙ፤ ሁለቱ ውሾች በአያት ይገናኛሉ።

«እማዬ፣ ሆን ተብሎ ነው፤ ጥሩ ዘር እንዲጠብቅ።»

«ሰባት ቤት ሳይቆጠር? በኔ ፊት?»

እንግዳው ቡና ጠጥቶ፣ ሁለት ጊዜ ተቀድቶለት፣ ውሻውን ይዞ ተመለሰ። ሻምፒዮኑም የእማማ የስድስት ወር ቪዛ እስኪያልቅ ላጤ ሆኖ እንዲቆይ ተወስኗል።