የተማረ አጣሁ ለሚለው ባለሕንፃ

ስሙልኝ ጎበዝ! ወንድማችን መርካቶ ላይ ባለ ሰባት ፎቅ አቁሟል። «እስቲ አገር ቤት እምድብር ላይ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ትከል» ቢሉት ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «እዚያማ የተማረ ሠራተኛ የለም! ደግሞ ሌባው!»

ሌባው! መርካቶ እየነገደ የእምድብርን ሌባ ፈራ! ሱቁን በአራት ቁልፍ ይከረችማል። ዘበኛ ያቆማል፤ ዘበኛውን የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ ይጨምራል። ማታ ሲወጣ ኪሱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይሮጣል። ወንድሜ፣ የመንደሩ አውራ መንገድ ጀፎሮ ላይ ሌባ የት ይደበቃል? ግራና ቀኙ ቤት፣ መሀሉ ሜዳ! ዶሮዋን ይዞ ሳይርቅ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አጎቱ አዲስ አበባ የት እንደሚነግድ ይነገርሃል። ምናልባት አጎቱ አንተው ነህ።

«የተማረ የለም» ላልከው ደግሞ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል። ምሩቅ ሞልቷል፤ የጠፋው ቅጥር ነው። አንተ ቅጥር ስትባል የገባህ የግንብ ቅጥር ሆነና አገር ቤት ሦስት ሜትር ካብክ! ውስጡ ቪላ፣ ቪላው ውስጥ ሶፋ፣ ሶፋው ላይ ላስቲክ። ለመስቀል ሁለት ሳምንት ትቀመጥበታለህ፤ የቀረውን ሃምሳ ሳምንት አይጥ ታስተዳድረዋለች። ምሩቁ ሥራ ይጠብቃል፤ አንተ ቤት ታስጠብቃለህ። የቀጠርከው አንድ ሰው ዘበኛው ነው፤ እሱም ዲግሪ አለው ይባላል።

ትምህርቱ ወድቋል በለኝ፣ እሺ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ግን የአገር ውጤት ነው! በአገር የዘነበውን እምድብር ላይ ብቻ ዘነበ አትበለን። ደግሞስ ሳሙና ለማሸግ ፊዚክስ ምን ያደርጋል? አንተ ራስህ ከሊስትሮ ሳጥን ተነስተህ ሰባተኛ ፎቅ ስትደርስ ሰባተኛ ክፍል ደርሰህ ነበር?

ሐዋሳን እይ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስፌት የጨረሰች ልጅ በር ላይ ተሰልፋ አልጠበቀችም። ከገጠር የመጡትን ስፌት መኪና ላይ አስቀምጠው አስተማሯቸው። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ጠቅልሎ ሲወጣም «መስፋት አቃታቸው» አላለም። የሰሜኑ ጦርነት አስወጣው፤ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚያስገባው ከቀረጥ ነፃ በርም ወዲያው ተዘጋ። እና ጸጥታ አይወስንም አላልኩም! ወልቂጤም ሁከት ያየችባቸው ቀናት አሉ፤ አልክድም። ዕውቀት እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ይሰፋል። ሰላምን የሚሰፋ ሲንጀር ግን ገና አልመጣም።

ታዲያ ጸጥታውን ማን ያምጣልህ? ሠርቶ አደር ያልቀጠርክበት ሰፈር ሰርቆ አደር ቢያበቅል ምን ይገርማል? የተማረ አጣሁ ትላለህ፤ የተማረረ ግን እያመረትክ ነው። ፋብሪካ የለኝም አትበል! «የተማረ ይግደለኝ» ብለን የተረትን ሰዎች ነን፤ ተምሮ ሥራ የፈታውን ዝም ካልከው ተረቱ ቃል በቃል እንዳይደርስብህ!

ጠበቃ ላቁምልህ። የዓለም ባንክ ለነጋዴዎች በሚያቀርበው መጠይቅ ወንጀልም፣ በቂ ያልተማረ ሠራተኛም ከእንቅፋቶቹ ተርታ ተጽፈዋል። ደስ አለህ? በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው ግን የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ከሁሉ ያስቀደሙት ብድር ማጣትን ነው። እምድብርን ያስደበራት ብድር ነው! ብድር ማስያዣ ይጠይቃል። ማስያዣ ያለው ማን ነው? ባለ ሰባት ፎቁ! የሰው ኃይል ጠፋ ከምትል መብራት ኃይል ጠፋ ብትል እንኳ አብረንህ በጮህን።

አባቶችህ በ1950ዎቹ ከደመወዝና ከንግዳቸው አዋጥተው መንገድ አስቆፈሩ። መንገድ ሠሩልህ፤ አንተ መንገደኛ ሆንክ። የካቶሊክ ሴት መነኮሳት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አጣጥ ላይ ሆስፒታል ሲከፍቱ «ሌባ አለ? የተማረ አለ?» ብለው አልቀሩም። ባሕር ተሻግረው የመጡ ሴቶች ያልፈሩትን የዚያው አገር ልጅ በላንድክሩዘር እየመጣ ፈራ!

ለማንኛውም ዘንድሮ ለመስቀል ስትመጣ በሬውን ለእኛ ተውልን። አንተ የቅጥር ማስታወቂያ ይዘህ ና። መለጠፊያ አያስጨንቅህ፤ ያ ሦስት ሜትር ቅጥርህ ይበቃል።