ስለ ኩብና ስለ 15ኛዋ ካርታ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ኩብ ማለት አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በገዛ ሚዛኑ መርጦ፣ በገዛ ሣጥኑ ካስቀመጠ በኋላ «ቅዳሜ ኑና ተጫወቱበት» እያለ ጓደኞቹን የሚለምንበት የካርታ ስብስብ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ዋናው ነገር ልመናው ነው። የቀረውን ይህ ጥናት በቅደም ተከተል ያትታል፤ ቅደም ተከተሉ እስኪሰለች ድረስ።

ለመስኩ እንግዳ ለሆኑ አንባቢዎች ጥቂት ማብራሪያ ይገባል። ካርታዎቹ ንጉሥና ንግሥት ያለባቸው፣ ሁላችንም የምናውቃቸው አይደሉም። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሂሳብ ሰው የፈጠረው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ ያሳተመው የማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ካርታዎች ናቸው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ሬንተን ነው፤ ሐበሻ ከሚበዛባት ከሲያትል አጠገብ። ይህ ለጥናቱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጎረቤትን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግን ነውር ነው። ተጫዋቹ በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል፤ ማና የሚባል ጉልበት እየከፈለ አስማት ይወረውራል፣ አውሬ ይጠራል፤ የባላጋራውን ነጥብ ዜሮ ያስገባ ያሸንፋል። ቀለሞቹ አምስት ናቸው፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ።

በኩብ የሚጫወቱት ድራፍት በሚሉት ሥርዓት ነው (ቢራው በጎን ይፈቀዳል)። ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ 15 ካርታ ያለበት እሽግ ይታደላል። አንዷን አንስቶ የቀረውን በግራው ላለው ያቀብላል፤ ከቀኙ የመጣለትን ተቀብሎ ደግሞ አንድ ያነሳል። እሽጉ ሲያልቅ ሁለተኛው ይከፈታል፣ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው 45 ካርታ ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ያህሉን መርጦ ማና የሚሰጡ 17 የመሬት ካርታዎች ጨምሮ በ40 ካርታ ይፋለማል። 45 በ8 ሲባዛ 360 ነው። የኩብ ሠሪዎች ይህን ቁጥር ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ማባዛት መሆኑን ግን አይክዱም።

ሰላማዊ ሰው እሽጉን ከሱቅ ገዝቶ ይጫወታል። ኩብ ሠሪ የሱቁን እሽግ ይንቃል፤ ግማሹ ገለባ ነው ይላል። ስለዚህ በ30 ዓመት ውስጥ ከታተሙት በሺዎች ከሚቆጠሩ ካርታዎች የሚወዳቸውን አንድ አንድ ቅጂ ብቻ እየለቀመ የራሱን ስብስብ ያቆማል። ገለባ የሌለበት ስብስብ እንደሆነ ይምላል። የዚህን መሐላ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ኩቦች በመጠን በአራት ይከፈላሉ፦ ባለ 360፣ ባለ 450፣ ባለ 540 እና ባለ 720። ባለ 360ው ስምንት ሰው ሲቀመጥ ሙሉ በሙሉ ይታደላል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ካርታ በየምሽቱ ጠረጴዛ ላይ ትወጣለች። ባለ 540ው ላይ አንዲት ካርታ የምትታየው ከሦስት ምሽት ሁለቱን ነው። ባለ 720ው ላይ ከሁለት አንዱን። መጠን የሚጨምር ሠሪ «ጨዋታው እንዳይደጋገም» ብሎ ነው የሚጨምረው፤ እውነቱ ግን ካርታ መቀነስ ስለማይችል ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሁለት ካርታ ተገናኝተው ብቻ የሚሠሩት ነገር ሲኖር ነው። ቻነል የሕይወት ነጥብን ወደ ማና ትለውጣለች፤ ፋየርቦል የተሰጣትን ማና ሁሉ እሳት አድርጋ ትተፋለች። ሁለቱ አንድ እጅ ከገቡ ጨዋታው ያልቃል። በ720 ካርታ ውስጥ ግን ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙት ከአራት ምሽት አንዴ ነው። በዚያም ምሽት አንዷ በር አጠገብ የተቀመጠው ሰው እጅ፣ ሌላዋ መስኮት አጠገብ ያለው እጅ ትገባለች። ሠሪው ይህን ከሩቅ እያየ፣ መናገር ስለተከለከለ፣ ቡናውን ያማስላል።

በይዘት ሲከፈሉ ሦስት ናቸው፦ ዘጠኙ ኃያላን የሚባሉትን አሮጌ ካርታዎች የያዙ፣ በጣም ተራ ተብለው የታተሙትን ብቻ የያዙ፣ እና ሌሎች። የዘጠኙ አለቃ ብላክ ሎተስ ናት። ከመጀመሪያው ኅትመት አንዷ በ2021 ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጣለች። ኩባንያው በ1996 አንዳንድ አሮጌ ካርታዎችን ዳግም ላያትም ቃል ገብቷል፤ እሷም ከዝርዝሩ ውስጥ አለች። ስለዚህ ቤት ያልሸጠ ኩብ ሠሪ ምስሏን በቤት ማተሚያ አትሞ በላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይከታታል። ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ስሟን የጻፈም አለ። ጨዋታው ያው ነው፤ የሚያሸንፈውም ያው ሰው ነው።

በሠሪው ሲከፈሉ ሁለት ናቸው፦ የላጤ ኩብና የባለትዳር ኩብ። የላጤው ሣጥን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የባለትዳሩ አልጋ ሥር። ከዚህ ያለፈ ልዩነት አልተገኘም።

ስለ ተጫዋቾቹም መደብ ሊወጣላቸው ይገባ ነበር፤ ጓደኞች ስለሆኑ ግን በአጭሩ። ምን መጣ ምን ቀረ ቀይ ብቻ የምታነሳ አለች። በርካሽ አውሬ ፈጥና ታጠቃለች፤ ሌላው ገና መሬቱን ሲደለድል እሷ አሸንፋ ወጥ ቤት ገብታለች። ሠሪው ይወቅሳታል፤ ኩቡን በወጉ እንዲቆም የሚያደርገው ግን እሷን የመሰለ ሰው ነው። ለፈጣን አጥቂ የሚበቃ ርካሽ ካርታ በሌለበት ኩብ ሁሉም ሰው ትልልቅ ዘንዶ እየሰበሰበ ይቀመጣል፤ ምሽቱም ይነጋል። ሰማያዊ የሚያነሳ አለ፤ በሁለት ሰማያዊ ማና ካውንተርስፔል ወርውሮ የሰውን አስማት ያከሽፋል፣ ሲያከሽፍም «ይቅርታ» ይላል፤ ይቅርታውን ማንም አይቀበለውም። ካርታውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች የሚያነብ አለ፤ በግራው ያለው ባዶ እጁን ሲጠብቅ በቀኙ እሽግ ይከመራል። «ተራው የማን ነው?» የሚል አለ። ሁልጊዜ የእሱ ነው።

እነሆ ወደ ጥናቱ ዋና ክፍል ደረስን፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ስለ አንዲት ካርታ ነው።

በ1993ቱ የመጀመሪያ ኅትመት አምስቱ ቀለሞች እያንዳንዳቸው በአንድ ማና ሦስት ነገር የምትሰጥ ካርታ ተሰጣቸው። ለሰማያዊ አንሴስትራል ሪኮል፦ ሦስት ካርታ ትስባለህ። ለቀይ ላይትኒንግ ቦልት፦ ሦስት ጉዳት ታደርሳለህ። ለጥቁር ዳርክ ሪቹዋል፦ ሦስት ጥቁር ማና ታገኛለህ። ለአረንጓዴ ጃያንት ግሮውዝ፦ አውሬህ እስከ ተራው መጨረሻ በሦስት በሦስት ይፈረጥማል። ለነጭ ሂሊንግ ሳልቭ፦ ሦስት የሕይወት ነጥብ ትጨምራለህ ወይም ሦስት ጉዳት ትመክታለህ። ለአምስት ልጆቹ ርስቱን በገመድ እየለካ እኩል ያካፈለ አባትን አስቡ፤ ለአንዱ የወንዝ ዳር ደርሶታል፣ ለአንዱ ቋጥኝ። አንሴስትራል ሪኮል ከዘጠኙ ኃያላን አንዷ ሆነች። ቦልት 30 ዓመት ሙሉ ስታቃጥል ኖረች። ቋጥኙ ሳልቭ ናት።

ኩብ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሳልቭ አለው። ስሟ ይለያያል፤ እኛ በምንጫወትበት ሣጥን ውስጥ ግን በእርግጥም ሳልቭ ራሷ ናት። ጠባይዋን ለማወቅ ጉዞዋን መከተል ይበቃል። ባለ 15 ካርታው እሽግ በስምንት ሰው መካከል ሲዞር ሁለት ጊዜ ሊሞላ አንድ እጅ ይጎድለዋል። ሳልቭ በውስጡ ካለች ስድስት ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ አይተው ያልፏታል፣ ስምንተኛው አንዴ አይቶ ያልፋታል፣ ሰባተኛውም በመጀመሪያው ዙር ያልፋታል። ይህ 14 እምቢታ ነው። በ15ኛው ብቻዋን ሆና ሰባተኛው ሰው እጅ ትወድቃለች። ሰውየው መረጣት አይባልም፤ ተረከባት ይባላል። ይህ ጸሐፊ በዚያ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል፤ ስለዚህ በመስኩ ያለው ሥልጣን አያጠያይቅም።

ታዲያ ገለባ የለበትም ተብሎ በተማለበት ስብስብ ውስጥ ለምን ትኖራለች? ሠሪው የሚያቀርባቸው መከላከያዎች በሚከተሉት መደቦች ይወድቃሉ።

የታሪክ መከላከያ፦ «አምስቱም ካልተሟሉ ነገሩ ትርጉም የለውም።» ይህ ክርክር ጠንካራ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ጃያንት ግሮውዝ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከኩቡ ወጥታለች። ይህን የሚያነሳ እንግዳ ቡና አይደገምለትም።

የሚዛን መከላከያ፦ «ነጭ በአንድ ማና የምትከላከልበት ነገር ያስፈልጋታል።» ነጭ በአንድ ማና ሶርድስ ቱ ፕላውሸርስ አላት። የፈለገችውን አውሬ ከጨዋታው ጨርሳ ታስወጣለች፤ የታተመችውም ከሳልቭ ጋር በአንድ ቀን ነው። ያችኛዋ ከሦስተኛ እጅ አልፋ አታውቅም።

የሂሳብ መከላከያ፦ «ቦልት ሦስት ታቃጥላለች፣ ሳልቭ ሦስት ትመልሳለች፤ ተጣፉ።» ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ቦልት አውሬ ትገድላለች፣ ሰውን ትጨርሳለች፣ ጨዋታ ትዘጋለች። ሳልቭ የምትመልሰው ቀይዋ ልጅ የወሰደችውን ብቻ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ሌላ እሳት ይዛለች።

የተአምር መከላከያ፦ «ያን ምሽት ረሳችሁት?» ሁሉም ኩብ ሠሪ አንድ ምሽት አለው። አንድ የሕይወት ነጥብ ብቻ የቀረው ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት ሳልቭን ጥሎ ተርፎ አሸነፈ። ከሠሪው በቀር የሚያስታውሰው የለም። አሸናፊውን ራሱን ጠይቀነዋል፤ «ያኔ ሰማያዊ ነበርኩ» ብሏል።

የመጨረሻው መደብ መከላከያ አይደለም፤ ዝምታ ነው። ሠሪው ካርታዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ያያታል፣ ላስቲኳን ያቃናል፣ ወደ ሣጥኑ ይመልሳታል። በዚህ ጊዜ ማንም መናገር የለበትም።

ኩብ ማሻሻል የሚባለው ሥራ አንድ ገባ አንድ ወጣ በሚል ሕግ ይመራል። ኩባንያው በየዓመቱ በርከት ያሉ አዳዲስ ስብስቦችን ያወጣል፤ ሠሪው ከእያንዳንዱ ጥቂት ካርታ ይመርጣል፤ በዚያው ልክ ማስወጣት አለበት። ማስገባቱ በአደባባይ ነው፤ ለሁላችንም ፎቶ ይላካል፣ «ይቺን አያችኋት?» ይባላል። ማስወጣቱ ግን በሌሊት፣ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ ነው። የወጡት የተለየ ሣጥን አላቸው። ሳልቭ እዚያ ሣጥን ገብታ ታውቃለች። በምትኳ የገባችው ካርታ በሁሉም መለኪያ የተሻለች ነበረች፤ በሚቀጥለው ወር «ገና በደንብ አልተፈተነችም» ተብላ ተባረረች። ማን እንደተመለሰ መናገር አያስፈልግም።

ይህ ጥናት ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው ግን የሠሪው ግትርነት አይደለም፤ የእኛ ርኅራኄ ነው። ሠሪው ማን ምን ስንተኛ እንዳነሳ በሰንጠረዥ ይመዘግባል። ባለፈው ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ ሠሪው ከሥራ ደክሞ ሲገባ አይቶ፣ ሳልቭን በአራተኛ እጅ አነሳት። ጥቁርና ቀይ ነበር የሚሠራው፤ ከ40ዎቹ ውስጥም አላስገባትም። ደስ ይበለው ብሎ ነው። በመስኩ ይህ የመረጃ ብክለት ይባላል። ማግስቱን ለሁላችንም መልእክት ደረሰን፦ «ሳልቭ እየተፈለገች ነው።» ከዚያ ወዲህ በአዲስ ላስቲክ ትመጣለች፤ ጓደኛ እንድትሆናት ሌላ የፈውስ ካርታም ታስቦላታል። ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ሲጠየቅ «ምን ላድርግ፣ ፊቱን አይቼ ነው» አለ። እኛም ፊቱን ብናይ ኖሮ ያንኑ እናደርግ ነበር።

ሌሎች መደቦችም ነበሩ፤ የመሬት ካርታ የሚረሱ ሠሪዎች፣ በድርብ ላስቲክ አልብሰው 360 ካርታ በአንድ እጅ ካልበወዝን የሚሉ፣ ይቀጥላል። ይቅሩ።

በዚህ ቅዳሜ ሰባት ነን። ሰባት ስንሆን ከ360ው 45 ካርታ ሳይታደል ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ሠሪው ከቀሩት መካከል ማን እንዳለች ሳያይ ጨዋታ አያስጀምርም፤ ካየም በኋላ «እስቲ አንዴ ደግመን እንበውዝ» ይላል። ስለዚህ ስምንተኛ ሰው ይፈለጋል። ካርታ ይዞ መምጣት አያስፈልግም፤ ሕጉንም እዚያው እናስረዳለን፤ ቡና አለ። ከ15ኛው እጅ በፊት ሳልቭን የሚያነሳ ግን፣ እባካችሁ፣ ቤቱ ይቆይ።