ስለ 8ቱ መዓርጋት፤ ወይም ሰው ሰላሙን ትቶ ወደ መከራ ስለሚሾምበት ሥርዓት

የሰው ልጅ ሹመትን የሚወድበት ምክንያት ብዙ ምርምር አያሻውም፤ መዓርግ ከፍ ባለ ቁጥር ድካም ሲያንስ ደመወዝ ሲበዛ፣ ትናንት ደጅ ይጠና የነበረው ዛሬ ደጅ ሲጠናለት በየዘመኑ ታይቷልና። ነገር ግን በዘመናችን ይህን የቆየ ሕግ የሚገለብጥ፣ ሰው በመዓርግ ከፍ ባለ ቁጥር ጠላቱ የሚበለጽግበት፣ እርሱ ግን በነበረበት ድህነት የሚጸናበት፣ ይህንንም ማንም ሳያስገድደው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ የሚቀበልበት አንድ ሥርዓት ስለ ተገኘ፣ ነገሩን በጥሞና መመርመር ተገቢ ሆኗል። ይኸውም «ሲቪላይዜሽን» በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ከአንዱ የክብደት ደረጃ ወደሚቀጥለው የመሸጋገር ልማድ ነው።

ጨዋታው በሲድ ሜየርና በብሩስ ሼሊ ተደርሶ በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ሲሆን፣ በጀመረበት ጊዜ የነበሩት መዓርጋት 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 በወጣው 6ኛው ክፍል ግን ቁጥራቸው 8 ደርሷል፤ እነርሱም ሰፋሪ፣ የነገድ አለቃ፣ የጦር አበጋዝ፣ ልዑል፣ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ኢመዋቲ፣ በመጨረሻም አምላክ ናቸው። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት አንድ ሰፋሪና አንድ ተዋጊ ይዞ ይነሣና፣ ከተማ እየቆረቆረ፣ ጽሕፈትንና መንኰራኵርን እያስገኘ፣ ዕድሜና ወገቡ ከፈቀዱለት እስከ ጠፈር ጉዞ ይደርሳል። አበው መነኮሳት ለመንፈሳዊ ሰው 10 መዓርጋት እንዳሉት ሲያስተምሩ ከእነርሱ አንዱን አንብዕ ብለው ለእንባ መድበውታል፤ በዚህ ጨዋታ ግን እንባ የራሱ መዓርግ አልተሰጠውም፣ ከ5ኛው ጀምሮ ባሉት ሁሉ ላይ ተደልድሎ ይገኛል።

ልዑል በተባለው በ4ኛው መዓርግ ተጫዋቹና ባላንጣው፣ ማለት ኮምፒዩተሩ፣ በእኩል ሚዛን ይቆማሉ፤ ከዚያ በታች ሕጉ ለተጫዋቹ ያደላል፣ ከዚያ በላይ ለባላንጣው። አስተዋይ ሰው ቢሆን ፍትሕ ከሰፈነበት ከዚህ ስፍራ ቤቱን ሠርቶ ይኖር ነበር። ተጫዋቹ ግን ጥቂት ጊዜ ድል እንዳደረገ እህል ውሃው ከዚያ አገር ያልቅና ወደ ላይ ማንጋጠጥ ይጀምራል። የሚጠብቀውም የታወቀ ነው፤ በንጉሥ መዓርግ የባላንጣው ምርትና ወርቅ በ20 በመቶ፣ ዕውቀቱ፣ ባህሉና እምነቱ በ8 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጭማሪው በየመዓርጉ እያደገ ሄዶ በአምላክ ላይ ሲደርስ የፊተኛው 80 በመቶ፣ የኋለኛው 32 በመቶ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በዚሁ በአምላክ መዓርግ ባላንጣው 3 ሰፋሪዎችና 5 ተዋጊዎች ይዞ ሲነሣ፣ የተጫዋቹ ድርሻ ያው አንድ ሰፋሪና አንድ ተዋጊ ነው። እንግዲህ ስሙ ለተጫዋቹ፣ ጸጋው ለባላንጣው ተከፍሏል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከብዙ ሰው ዘንድ የሚገኘውን አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። መዓርጉ ሲከብድ ባላንጣው የሚራቀቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ሁኔታውን ቀርቦ ላየ ግን ለባላንጣው የተጨመረለት በጀት እንጂ ትምህርት አይደለም። ብዙ ሠራዊት አሰልፎ ከተማ ከብቦ፣ ቅጥሩን አፍርሶ፣ ለመግባት አንድ ርምጃ ሲቀረው፣ የረሳው ዕቃ እንዳለው ሰው ዘወር ብሎ ወደ መጣበት ሲመለስ ይታያል፤ ይህንንም በሰፋሪ መዓርግ በድህነቱ ሲያደርገው እንደ ነበረ፣ በአምላክ መዓርግ በባለጠግነቱ ያደርገዋል። አላዋቂነት ሀብት ሲጨመርበት ስለሚያስከትለው ጉዳት አንባቢ ከጨዋታው ውጭ የሚያውቀው ምሳሌ ይኖረው እንደ ሆነ ማጣራት የዚህ ጥናት ዓላማ ስላልሆነ እናልፈዋለን።

መከራው እንዴት እንደሚፈጸም ለማስረዳት አንዱን ብቻ እናንሣ። ተጫዋቹ ስቶንሄንጅ የሚባለውን፣ ቀድሞ የጨረሰ ብቻ የሚያገኘውን የድንጋይ ሕንጻ ለማሠራት ቈርጦ፣ ከተማዪቱ እህሉንም ጦሩንም ትታ ድንጋይ ብቻ ስታነሣ ከርማ፣ ሥራው ሊፈጸም አንድ ተራ ሲቀረው፣ ይኸው ሕንጻ ስሙ ባልታወቀ ሩቅ አገር ተሠርቶ ማለቁን የሚያበሥር ጽሑፍ ከፊቱ ይወጣል። ያን ጊዜ ራሱን ይዞ «ለጥቂት!» ይላል፤ በዚያ በጥንቱ ዘመን አንድ ተራ 40 ዓመት መሆኑን ግን ልብ አይልም። ቀጥሎም ከወዲያኛው ክፍል እራት መቅረቡ ሲነገረው «አንድ ተራ ብቻ!» ብሎ ስለሚመልስ፣ ወጡ ስለምን እንደ በረደ ለማስረዳት ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

መዓርጉ በተጫዋቹ ጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥም አለ። በልዑልነቱ ጊዜ በደረሰው ምድር አመስግኖ ይቀመጥ የነበረው ሰው፣ ወደ 8ኛው ሲወጣ ዐይኑ ክፉ ይሆናል፤ ገና በመጀመሪያው ተራ ዙሪያውን ቃኝቶ የሚጠጣ ውሃ በአቅራቢያው ካጣ፣ ውሃ የሌላት ከተማ ብዙ ሕዝብ አትይዝምና፣ ያን ዓለም ከነባሕሩ ከነተራራው ሠርዞ ሌላ ዓለም ያስፈጥራል፤ ሁለተኛውም ካልጣመው ሦስተኛውን። ስለዚህ አምላክ የሚለው ስም ለተጫዋቹ በከንቱ አልተሰጠም፤ ሥልጣኑ የሚሠራው ግን ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ብቻ ነው።

የአገራችን ነገሥታትም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልቀሩም። በ2012 በወጣው የ5ኛው ክፍል ተጨማሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሳሉ የተሰጣቸው ጸጋ የዐድዋ መንፈስ የሚባል ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት በከተማ ብዛት ከሚበልጠው አገር ጋር ሲዋጋ ጉልበቱ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህም ተጫዋቹ ከሁሉ በሚበልጥበት በቀላሉ መዓርግ ይህ ጸጋ ተኝቶ ይከርማል፣ ባላንጣዎቹ በከተማ ሲበልጡት ግን ይነቃል። በ6ኛው ክፍል ደግሞ በ2020 የገቡት ዳግማዊ ምኒልክ ጦራቸው ኮረብታ ላይ ሲቆም 4 የውጊያ ነጥብ ያገኛል። በአምላክ መዓርግ ለባላንጣው ጦር በነጻ የሚታደለውም ነጥብ 4 ስለሆነ፣ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ በልዑልነቱ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያገኘው የነበረውን እኩልነት፣ 4 መዓርግ ከወጣና ኮረብታ ከጨመረበት በኋላ መልሶ አገኘው።

እንግዲህ የቀረው ጥያቄ፣ ሰው ይህን ሁሉ ስለምን ይሻል የሚለው ነው። አንዳንዱ ለትምህርት ነው ይላል፤ በእርግጥም በቀላሉ መዓርግ የአንዲት ጋሻ መሬት ፍሬ ቈጥሮ የማያውቅ ሰው፣ በከባዱ ላይ እያንዳንዷን ቅንጣት ወርቅ ሲመዝን ይገኛል። ሌላው ለዝና ነው ይላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም፣ ሆኖም አብዛኛው ድል የሚገኘው ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ በሌሊት ስለሆነ ምስክር አይገኝለትም። ለእኛ የሚታየን ምክንያት ግን ከሁለቱም ይለያል። ይኸው ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ እየጠበቀ ሳለ አንድ ባለጉዳይ ከጎን ገብቶ ቢቀድመው አገር ይያዝልኝ ይላል፤ ባላንጣው በ3 ሰፋሪ ሲቀድመው ግን ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል። ልዩነቱ አድልዎው ከመጀመሪያው በቁጥር ተጽፎ፣ ለሁሉም እኩል ታውጆ፣ ፈቃዱም ተጠይቆ መሆኑ ነው። መጠኑ የታወቀ በደል ፈተና ይባላል፤ ሰውን የሚያስቆጣው መጠኑ ያልተነገረው ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ለእገሌ ወገን 80 በመቶ፣ ለእገሌ 32 በመቶ የሚል ሰሌዳ ቢሰቀል፣ አቤቱታ ቀርቶ ባለጉዳዩ በከባዱ መስኮት ለመስተናገድ ይሽቀዳደም ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

በመጨረሻም 8ኛውን መዓርግ ድል አድርጎ የጨረሰ ተጫዋች ወዴት እንደሚሄድ መናገር ይገባል። 9ኛ መዓርግ ስላልተሠራለት ወደ ብሕትውና ይገባል፤ በአንዲት ከተማ ብቻ እገዛለሁ ብሎ ይሳላል፣ ወይም ጦር አላነሣም ብሎ ራሱን ይገዝታል፤ ይህንንም የሚያደርገው ማንም ሳያዝዘው ስለሆነ ከዚህ በኋላ የሚበድለው ባላንጣ አጥቶ ራሱን በራሱ ላይ ሾሟል ማለት ነው። ባላንጣው ግን 80 በመቶ ተጨምሮለት መሸነፉ አንዳች ግምገማ ሳያስከትልበት፣ በማግሥቱ 3 ሰፋሪዎቹንና 5 ተዋጊዎቹን እንደ ወትሮው ፈርሞ ተረክቦ ሥራውን ይቀጥላል።