ፍሬን እንዲከዳዎት የሚያደርግ የሸራ አመራረጥ

ፍሬንዎ በጣም በሚያስፈልግዎት ሰዓት እንዲከዳዎት ከፈለጉ ሥራው የሚጀምረው የፍሬን ሸራ ከሚገዙበት ሱቅ ነው። ይህ ምክር ተገልብጦ የተጻፈ ነው። የተጻፈውም እያንዳንዱን ስህተት አምነውበት የሚያደርጉ አሽከርካሪዎች ስላሉ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ምንም የማያውቁ ልጆች ስለሚቀመጡ ነው።

ሱቅ እንደገቡ «ለከተማም ለውድድር ትራክም የሚሆን አንድ ሸራ» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ «አለ» ካለዎት ሌላ ጥያቄ አይጨምሩ። በስንት ዲግሪ መያዝ እንደሚጀምርና በስንት ዲግሪ እንደሚለቅ ከጠየቁ ዕቅድዎ ይበላሻል፤ ሸራ የሚመረጠው በሚሠራበት ሙቀት ነውና። የመንገድ ሸራ ጠዋት ከግቢ ሲወጡ፣ መኪናው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በመጀመሪያው እርግጫ ይይዛል። ሙቀቱ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ሸራውን አያይዞ የያዘው ሙጫ መቃጠል ይጀምራል፤ በሸራውና በዲስኩ መካከል ጋዝ ይፈጠርና ሸራው ዲስኩ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። የውድድር ሸራ 600 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይችላል። ሆኖም አብዛኛው ሳይሞቅ በደንብ አይይዝም፣ ሲጢጥ ይላል፣ ቸርኬውን በጥቁር አቧራ ይሸፍናል፣ ዲስክም ይበላል። በከተማ ፍጥነት ደግሞ የሚፈልገውን ሙቀት አያገኝም። ትምህርት ቤት በር ላይ ሕፃን ድንገት ቢገባብዎት የሚያድናችሁ ያ የመጀመሪያው እርግጫ ነው፤ የውድድር ሸራ የሚደክመውም እዚያው ላይ ነው።

በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ያገኛሉ። በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር አሠራር የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የሰበቃ መጠን ይናገራል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ለመሳሳት የሚፈልግ ሰው ትልቁን ፊደል ፈልጎ ይገዛና በቃኝ ይላል። ምርመራው የሚካሄደው እስከ 343 ዲግሪ ገደማ ብቻ መሆኑን አይመለከትም። ሸራው ትራክ ላይ 500 ዲግሪ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እነዚያ ፊደላት አይነግሩትም።

ትራክ ከተባለ የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግ እንውሰድ። በአይፈል ተራሮች ውስጥ በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኖርድሽላይፈ የተባለው ክፍል 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ማንም ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና የሚገባባቸው ቀናትም አሉት። እዚያ በትክክል ለመሳሳት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የውድድር ሸራ ከቤት አስገጥሞ በዚያው ሸራ መሄድና መመለስ ነው። በእነዚያ ቀናት መንገዱ ላይ የሚሠራው የጀርመን የትራፊክ ሕግ ነው። በአውሮፓ ለመንገድ የሚሸጥ ምትክ ሸራም ደንብ 90 የተባለውን ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ደንቡ የምትኩ አያያዝ ከፋብሪካው ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ያዛል። አብዛኛው የውድድር ሸራ ይህ ፈቃድ የለውም። ሁለተኛው መንገድ ግማሹ ባለቀ የመንገድ ሸራ ገብቶ ከፊት ያለውን ፈጣን መኪና ማሳደድ ነው። ቬርዛይፈን ከተባለው ኩርባ ወደ ብራይድሻይድ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬኑ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ቁልቁለቱንም ይሸከማል። የሳሳ ሸራ ደግሞ ሙቀቱን ሳያግድ ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ካሊፐርና ወደ ፍሬን ዘይቱ ያሳልፋል።

ፍጥነት ሲጨምር ሙቀቱ እኩል የሚጨምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር እስኪቆም ድረስ ወደ ሙቀት የሚቀየረው ጉልበት 580 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ውድ ሸራ ገዝተው ዘይቱን ከረሱት ደግሞ ገንዘብዎም ፍሬንዎም አብረው ይሄዳሉ። የፍሬን ዘይት እንደ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን ግዴታው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ የረገጡት ኃይል ሸራው ጋ አይደርስም። ከሁሉ አጥብቄ የምለምነው ይህን ልዩነት እንዲያውቁ ነው፦ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው፤ ፔዳሉ ለስልሶ ወለሉ ድረስ ከገባ የፈላው ዘይቱ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ፔዳሉን ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡ፣ ማርሹን ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ እያሉ ይሳቡ። ሁለቱም «ፍሬን በጠሰ» ተብለው ስለሚታለፉ ብዙ ሰው ሸራ ቀይሮ ያንኑ አሮጌ ዘይት ይዞ ይመለሳል።

ወጪ ለመቀነስ ኃይለኛውን ሸራ ከኋላ ብቻ ማስገጠምም ይቻላል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆልፋል፤ መኪናውም ይዞራል። ፊትና ኋላው አብሮ ካልታሰበ ጥሩ ሸራም አደጋ ያመጣል።

አዲስ ሸራ እንደተገጠመ ቀጥታ ወደ ትራክ መግባትም ያስኬዳል። አምራቹ እንደሚያዘው ከመጠነኛ ፍጥነት ደጋግሞ እየያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ማለማመድ ጊዜ ይወስዳላ! ከትራክ ሲወጡም የመጨረሻውን ዙር ለማቀዝቀዝ በዝግታ አይንዱ፤ ወዲያው አቁመው ፔዳሉን እንደረገጡ ይቆዩ። የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዙ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ዲስኩ ተጣመመ ብሎ ቶርኖ ቤት ይልከዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው በላዩ የተጣበቀው የሸራ ንብርብር ነው።

ትራክ አይቼ አላውቅም የሚሉ የአገር ቤት አንባቢም ከዚህ አይቀሩም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ያው 1,500 ኪሎ ግራም መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር 25 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር ይተካከላል። ከዚያ ላይ የነፋስና የጎማ ድርሻ ይቀነሳል፤ ቀሪውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ስለዚህ ለመሳሳት የሚፈልግ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ነፃ ያደርግና እግሩን ፍሬኑ ላይ አኑሮ ይወርዳል። የጋለውን ጎማ ውሃ ደፍቶበት ዲስኩን ይሰነጥቃል፤ ከዚያም የውድድር ሸራ ቢገዛ እንደሚድን ያስባል። ይህን መንገድ የሚያወርደው ከባድ ማርሽ ነው።

አሁን ሳልገለብጥ ልንገርዎት፦ ትራክ የሚገቡ ከሆነ ሁለት ሙሉ ሸራ ይኑርዎት፤ የውድድሩን እዚያው ደርሰው ያስገጥሙ፣ ሲጨርሱ ያውጡት። ኪስዎ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ከሆነ የመንገዱን ይግዙና ትራክ ላይ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ከሚነዱት ኪሎ ሜትር አብዛኛው ሰው በሚሻገርበት መንገድ ላይ ነው። ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ደግሞ ሸራ ከመግዛትዎ በፊት እሱን ያስቀይሩ።